አሥራ ሦስተኛዋ ቁጥር

ባለቤቴ ቁርጡን የነገረችኝ በነሐሴ መጨረሻ፣ ለዘመን መለወጫ ቤቱን ስታጸዳ ነው። አልጋ ሥር ያለውን የእንጨት ሳጥን በመጥረጊያዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ፣ «ይሄ ዕቃ እስከ ገና ድረስ አንድ ጥቅም ካልሰጠ ለቆራሌው ነው» አለች። እሷ ስትቆጣ ድምፅ አታሰማም፤ ቀን ነው የምትቆርጠው። ቆራሌውም ሩቅ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ገብቶ፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አሮጌ ዕቃ ያለው እንዲያወጣ እየተጣራ በየብሎኩ ይዞራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ሳጥኑን በእግሬ ወደ አልጋው ውስጠኛ ጥግ እገፋው ጀመር።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የማይክሮፕሮሰሰር መለማመጃ ነው። አረንጓዴ ሰሌዳ፣ መሐሉ ላይ አርባ እግር ያላት ጥቁር ቺፕ፣ ከታች ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ከዚያም ከኤ እስከ ኤፍ የሚሄዱ ቁልፎች፣ ከላይ ስድስት ቀያይ አሃዞች። ቺፗ 8085 ትባላለች። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳስተምር ዕድሜዬን የጨረስኩት በእሷ ነው፤ ማታ ማታም ለዝግጅት ቤት ይዣት እመጣ ነበር። ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪውን በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲቀይር መለማመጃዎቹ መጋዘን ገቡ፤ እኔ ግን አንዷን በደብዳቤና በማኅተም አስፈቅጄ ወሰድኩ። አብረውኝ ጡረታ የወጡት ጋቢ ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እኔ ሳጥን ታቅፌ ቆሜአለሁ። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ በዓይኗ ታሳይበታለች።

እሷ ታይፒስት ነበረች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የሚኒስትር ደብዳቤ ሳይቀር በእጇ አልፏል፤ ያውም ፊደሉን በቁርጥራጭ እየገጣጠመ በሚጽፈው በድሮው የአማርኛ ታይፕ። መለማመጃዬን ግን አንድ ቀን አስነክቻት አላውቅም። የሰው ገላ የሚይዘው ትንሽ ኤሌክትሪክ ቺፕ ያቃጥላል፤ ይህ እውነት ነው። እኔ ግን እውነቱን ይዤ አጥር ሠራሁበት። ጠጋ ባለች ቁጥር «ኧረ በናይለን ቀሚስሽ አትጠጊው» እላታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ናይለን ያልለበሰችበት ቀን ያለ አይመስለኝም ነበር።

ክፍል ውስጥ ግን እንደኔ ለጋስ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ቀን ሁልጊዜ የምጀምረው በቺፗ ዘር ማንዘር ነው። አያቷ ለትልቅነት አልተፈጠረም እላቸዋለሁ፤ የተፈጠረው ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ መደመሪያ ማሽን ነው። አንድ የጃፓን ድርጅት ለማሽኑ ብዙ ዓይነት ቺፕ አዘዘ፤ አሜሪካ ያሉት ሠራተኞች ደግሞ ያን ሁሉ ከመሥራት ትእዛዝ ተቀብላ ሁሉንም የምትሠራ አንዲት ቺፕ ብትኖር ብለው አሰቡ። ስንፍና ይሁን ብልሃት ለተማሪው ፍርድ እተወዋለሁ። አያትየው በአንድ ጊዜ አራት ቢት፣ ማለትም አራት የዜሮና የአንድ ምልክት ብቻ ነበር የሚይዘው። ተከትሎት የመጣው ስምንት ያዘ፤ ግን እግሩ አሥራ ስምንት ብቻ ስለነበር አድራሻውም መረጃውም በአንድ መስመር በየተራ ይመላለሱ ነበር፤ ልክ እንደ ጀሞ ውሃ፣ በፈረቃ። ሦስተኛው አርባ እግር አበጀ፤ ኩሩ ስለነበር ግን ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ ካልቀረበለት አይሠራም። የእኔዋ 8085 የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አምስት ቮልት ብቻ ከሰጧት ዝም ብላ ትሠራለች።

ዘመዶችም አሏት። እነዚያኑ ቀደምቶቹን ከሠሩት አንዳንዶቹ ከድርጅታቸው ወጡና የድሮውን ትእዛዝ ሁሉ የሚሰማ፣ በላዩ ላይ የራሱን የጨመረ ሌላ ቺፕ ሠሩ። ሌሎች ደግሞ ርካሽ ቺፕ ሠርተው በትልቅ የብርጭቆ ዕቃ ሞልተው እንደ ከረሜላ ሸጡ። ተማሪው በዚህ ይስቃል፤ ሲስቅ ደግሞ ከባዱን እሰጠዋለሁ። ቺፗ ውስጥ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚባሉ ትንንሽ ማስቀመጫዎች አሉ፤ የሚገባውና የሚወጣው ነገር ግን ባብዛኛው በኤ በኩል ያልፋል። «እቤቴ ባለቤቴ ሳታየው የሚገባም የሚወጣም ነገር የለም፤ ኤ ማለት እሷ ናት» እላቸዋለሁ። ይህን ለስንት ክፍል ተማሪ ነግሬአለሁ፤ ለእሷ ለራሷ አልነገርኳትም።

እንግዲህ ቀኑ ተቆረጠ፤ ሳጥኔ ጥቅም ፍለጋ ወጣ። ጥቅሙ የተገኘው ደረጃችን ሥር ነው። ብሎካችን ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ውሃው መሬት ያለው ታንከር ውስጥ ይጠራቀምና በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ይወጣል። ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ጥበቃችን ነበር። ማብራቱን አይረሳም፤ ማጥፋቱን ግን ይረሳል። ነዋሪው ኮሪደር ላይ ተሰብስቦ ሲማከር እጄን አወጣሁ። አንድ ጎረምሳ «ቲቸር፣ ታንከሩ ሲሞላ በራሱ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ እኮ ሱቅ አለ» አለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ባለቤቴ ግን ሰምታዋለች፤ ፈገግ ስትል አየኋት።

ፉሪ ሰፈር የጥገና ሱቅ ያለው የድሮ ተማሪዬ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ ሰጠኝ፤ ሳቁን በግድ ይዞ። ከጣሪያው ታንከር ሁለት ሽቦ አወረድኩ፤ አንዱ መሙላቱን፣ አንዱ መጉደሉን ይናገራል። መለማመጃዬን ደረጃው ሥር በብረት ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩና «ሳያስፈቅዱ መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ለጠፍኩበት። በመስከረም ሥራ ጀመረች። ፓምፑ ተነሳ፤ ታንከሩ ሞላ፤ ፓምፑ ቆመ። ከጣሪያው ላይ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደረጃ የወጣሁት በሠርጌ ቀን ብቻ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቺፗ የነገሯትን ሁሉ ትረሳለች። ፕሮግራሙን ለዘላለም የሚይዝ ሌላ ቺፕ አለ፤ የሚጽፍበት መሣሪያ ግን ትምህርት ቤት ቀርቶ ተበላሽቷል። ስለዚህ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የምቀመጥባትን ዱካዬን ይዤ ወርጄ ፊደል የተቀላቀለባቸው ሃያ ዘጠኝ ቁጥሮች አንድ በአንድ፣ በየመሐሉ ወደ ፊት የሚያሳልፈውን ቁልፍ እየተጫንኩ አስገባለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ እየጠራሁ። «ሦስት ኢ፤ ዘጠኝ ዜሮ፤ ዲ ሦስት፤ ዜሮ ሦስት» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጀሞ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ለሚያውቅ ሰው የእኔን ጉልበት ማሰብ አይከብደውም። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ቀንም አልከፋኝም። እንዲያውም መብራት ሲቆይ ይጨንቀኝ ነበር።

ከሃያ ዘጠኙ አሥራ ሦስተኛዋ ነች ጉዱ ያለባት። እሷ «ሲ ሁለት» ናት። ትርጉሙ፣ ታንከሩ ካልሞላ ተመልሰሽ እንደገና እይ ማለት ነው። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ «ሲ ሦስት» አለች፤ እሷ ምንም ሳትጠይቂ ሂጂ ማለት ናት። ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን ስለሆኑ ጣቴ አሥራ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ «ሲ ሦስት» ብላ ትስታለች። ዓይኔም ሞራ እየጋረደው ነበር፤ ግን በዓይኔ ባሳብብ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆንብኛል፤ ስህተቱ ዓይኔ ደህና በነበረበት ዘመንም ነበረ። ስሳሳት «ይቅር በለኝ» እልና የኋላ መመለሻዋን ቁልፍ ተጭኜ በላዩ ላይ «ሲ ሁለት» እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ያውቁ ነበር። እኔ ሳልል ቀድመውኝ የሚሉበትም ጊዜ ነበር።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። በልጅነታቸው ጎጃም የቄስ ትምህርት ቤት ዜማ ተምረዋል፤ ከዚያ አዲስ አበባ መጥተው መዝገብ ቤት ሲሠሩ አረጁ። ማዕረጉን ባይደርሱበትም ብሎኩ «መሪጌታ» ይላቸዋል። «እኛ መጽሐፍ ገልጠን አይደለም የተማርነው» ይሉኛል። «ከመምህር አፍ ነው። የእኔ መምህር ሳል ነበረባቸው። ዜማውን ከነሳላቸው ነው የያዝኩት፤ እስከ ዛሬ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ሳላስል አላልፍም።» እኔም ሳቅሁ። ታሪኩ ማስጠንቀቂያ መሆኑን አላወቅሁም።

ብዙም ሳይቆይ መሪጌታ ሃያ ዘጠኙን ቁጥር በቃላቸው ያዙት። ባዶውን እንዳይሆን ብለው ነው መሰል ዜማ አበጁለት። «ዲ ሦስት» ላይ ዝቅ፣ «ዜሮ አንድ» ላይ ከፍ ይላሉ። አንድ ቀን ከአትክልት ተራ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲመጡ በዝግታ ሲያዜሙት ሰምቼ ዘንቢሉን ተቀብያቸው እስከ ሦስተኛ ፎቅ አብሬያቸው ወጣሁ። ስንት ዓመት ሳስተምር አንድም ተማሪ እንዲህ ወዶ አልያዘልኝም።

በኅዳር የዓይኔን ሞራ ለማስወገድ ሐኪም ቤት መተኛት ግድ ሆነ። ከመሄዴ በፊት ሥልጣን አስረከብኩ። ቁጥሩን መሪጌታ ይላሉ፤ ቁልፉን ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ትጫናለች። ነርሷ የወላይታ ልጅ ናት፤ ሀና ማርያም አካባቢ ክሊኒክ ትሠራለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። «ጋሼ፣ አያስቡ፤ እየጸለይኩ ነው የምጫነው» አለችኝ። ጴንጤ ናት፤ የምትለውን ታደርጋለች።

ባለቤቴ ልብሴን እያጠፈች ነበር። «እኔስ?» አለች።

«አንቺ ስልክ ትይዣለሽ» አልኳት።

ሸሚዙን አጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠች። ሻንጣውን ዘጋች። እኔም ምንም አላሰብኩም፤ ይህን ስጽፈው አሁን ያሳፍረኛል።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። በማግስቱ፣ አንድ ዓይኔ ታሽጎ ተኝቼ ሳለሁ፣ ጀሞ መብራት ሄደ። ቀኑ ደግሞ የውሃችን ፈረቃ ነበር። ረፋዱ ላይ መብራት ሲመጣ ሁለቱ ሹማምንቶቼ ሳጥኑ ፊት ተሰየሙ። የሆነውን ሦስቱም ለየብቻ ስለነገሩኝ እዚያው የነበርኩ ያህል አውቀዋለሁ። መሪጌታ ያዜማሉ፤ ነርሷ ትጫናለች፤ ባለቤቴ ስልክ ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች። አሥራ ሁለቱ ቁጥሮች በሰላም ገቡ። አሥራ ሦስተኛዋ ላይ መሪጌታ፣ መምህራቸውን ሳይከዱ፣ «ሲ ሦስት» አሉ። ነርሷ ተጫነች። ቀጥለው፣ ልክ በእኔ ድምፅ፣ «ይቅር በለኝ» አሉና አማተቡ። ነርሷ አላማተበችም፤ ግን ራሷን ዝቅ አድርጋ «አሜን» አለች፤ ወደ ፊት የሚያሳልፈውንም ቁልፍ ተጫነች። ቀጥሎ «ሲ ሁለት» ገባች። ሃያ ዘጠኙ ቁጥር ሠላሳ ሆነ።

እኔን ከነሳሌ ነው የተማሩኝ።

ቺፗ ምን ታድርግ? ፓምፑን አብሪ የሚለው ትእዛዝ ቀድሞ ገብቷል፤ አበራች። ከዚያ ታንከሩ ሞልቶ እንደሆነ መጠየቅ ሲገባት፣ ሳትጠይቂ ሂጂ ተባለች። የምትሄድበት አድራሻም በተጨማሪዋ ቁጥር ተዛብቷል። የሌለ ብሎክ፣ የሌለ የቤት ቁጥር ነው የደረሳት። ሄደች፤ ጠፋች። ፓምፑን አጥፊ የሚላት ሰው ሳይኖር ፓምፑ መሥራቱን ቀጠለ።

ውሃው ከጣሪያ ሲወርድ መጀመሪያ ሰው ዝናብ መሰለው። ቀና ሲል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ያን ጊዜ የሆነውን ጀሞ ያልኖረ አይገባውም። ፓምፑን ለማጥፋት የሮጠ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሮጠው ጄሪካን ለማምጣት ነው። ምንጣፍ ወጣ፤ ብርድ ልብስ ወጣ፤ አንደኛው ጎረቤታችን መኪናውን አስጠግቶ አጠበ። ጥበቃው ሳጥኑ ድረስ ሄዶ «ሳያስፈቅዱ መንካት ክልክል ነው» የሚለውን አንብቦ ተመለሰ። እንዲህ ሲሆን የሳምንቱ ውሃችን አለቀ። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ፍራሽ ነበር፤ እስከ ዛሬ ባለቤቲቱ በጎን ነው ሰላም የምትለኝ።

ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ናት። «ፓምፑ አልቆም አለ» አለችኝ።

ልቤ ወደ ሳጥኔ በረረ። «መሪጌታን አገናኚኝ» አልኳት።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ‹ይቅር በለኝ› ስትል ወደ ኋላ ትመለሳለህ አይደል? ተመልሰህ በላዩ ላይ ነው የምትጽፈው?»

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ጎኔ የተኛው ሕመምተኛ ሳይቀር ቀና ብሎ አየኝ።

«አዎ» አልኩ።

«እነሱ ወደ ፊት ነው የሄዱት» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ያደረገችውን ነርሷ ነች የነገረችኝ። ዋናውን ማብሪያ አጠፋች፤ መልሳ አበራች። ዱካዬ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ ቁልፉን እንኳ አላዩም ጋሼ» አለች ነርሷ። «መሪጌታን እያዩ ነው የጻፉት፤ እሳቸው ገና ስድስተኛው ላይ ሲያዜሙ እትዬ ጨርሰው ተነሱ፤ ለካ እርስዎ ሲሉት እየሰሙ በቃላቸው ይዘውት ኖሯል።» ፓምፑ ከዚያ በኋላ በሥርዓቱ ሠራ፤ ምንም እንኳ የቀረ ውሃ ባይኖርም።

ታይፒስት ናት እኮ። ዕድሜዋን የኖረችው ስትሳሳት አንድ ወደ ኋላ ተመልሳ በላዩ ላይ በመጻፍ ነው። ከእኔ ተማሪዎች፣ ከመሪጌታ፣ ከእኔም ጭምር ይልቅ ነገሩ የገባው ለእሷ ነበር። ሠላሳ ዓመት በናይለን አሳብቤ ያራቅኋት ሰው ናት። ያን ሌሊት ያሸጉት ዓይኔ ሳይሆን ሌላው ነው እንቅልፍ የከለከለኝ።

ከሐኪም ቤት የወጣሁት ዓርብ ነው። ባለቤቴ ስለ ውሃው አንድም ቃል አላነሳችም። መሪጌታ ሊጠይቁኝ ብርቱካን ይዘው መጡና ከሰላምታ በፊት፣ «መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ እኔ የሰማሁትን ነው ያልኩት» አሉ። «ልክ ነዎት አባቴ» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሄዶ ተመለሰ። ከአልጋዬ ተነስቼ ጫማዬን ሳደርግ ባለቤቴ ቤት ውስጥ የለችም። ወዲያው የቆራሌው ድምፅ ከታች መጣ። እንግዲህ ቀኑ ከገና በፊት ደረሰ ብዬ፣ በአንድ ዓይኔ ደረጃውን እየዳበስኩ ወረድኩ። ሳጥኔ ተሽጧል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። እሷን ምን ብዬ እከራከራታለሁ? ቃሏን ሰጥታኛለች፤ ሳጥኑም ጥቅም ሳይሆን ጎርፍ ነው የሰጣት።

ሳጥኑ ቦታው ላይ ነው። ክፍት ነው። ዱካዬ ላይ እሷ ተቀምጣለች።

«ናይለን ነው የለበስኩት» አለች፤ ዞር ሳትል።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ጻፈች። ጣቶቿ እኔ እንደማውቀው አይደለም የሚሄዱት፤ እኔ ቁልፍ እፈልጋለሁ፣ እሷ ቁልፉ ያለበትን ታውቃለች። አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች እስትንፋስ ሳልወስድ ጨረሰች። አሥራ ሦስተኛዋ ላይ «ሲ ሁለት» አለች፤ አልሳተችም። ቀዩ አሃዝ እንደዚያ በርቶ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ቆመች።

«እዚህ ጋ አንድ ነገር ትላለህ» አለችኝ።

«አልተሳሳትሽም እኮ» አልኳት።

«እኔማ አልተሳሳትኩም» አለች።

ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። አሃዙ ይጠብቃል። ያቺን ቃል ለማሽን ስንት ሺህ ጊዜ ብያታለሁ፤ ለዚህች ሴት አንድ ጊዜ እንኳ ብያት እንደሆነ ወደ ኋላ ተመልሼ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና የቀሩትን አሥራ ስድስት ቁጥሮች ጻፈች። ፓምፑ ተነሳ። ቆራሌው ደረጃችን ፊት ለፊት አንድ ጊዜ ተጣራና ወደሚቀጥለው ብሎክ አለፈ።